ለቪትዝ የውፈር ሳጥን፦ ማስፋትም መብሳትም አያስፈልግም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምነዳው ቪትዝ ነው። 12 ኢንች ውፈር (ቤዝ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) ገዝቼ ሰፈራችን ያለ አናጢ በቺፕውድ ሳጥን ሠራልኝ። ሳጥኑ ከውጭ ሲለካ 60 በ40 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው። የእንጨቱ ውፍረት 16 ሚሊ ሜትር ነው። ውፈሩ ላይ በትልቁ 1400 ዋት ተጽፏል፤ መግለጫው ላይ ግን አርኤምኤስ (ሳያቋርጥ የሚችለው ጉልበት) 350 ይላል። ኤፍኤስ 28፣ ኪውቲኤስ 0.45፣ ቫስ 50 ሊትር የሚልም አለው። ባለ አንድ ኮይል (ኮኑን የሚያንቀሳቅስ የሽቦ ጥቅል)፣ 4 ኦም ነው። አምፑ (ድምፅ ማጉያው) ሞኖ ሆኖ 500 ዋት ነው። ችግሩ፣ ቤዙ ልል ነው፤ አይመታም። ድምፅ ስጨምር ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ከሳጥኑ ጠርዝም ንፋስ ያፏጫል። አንድ ጓደኛዬ ‹ሳጥኑ ጠብቦት ነው፣ አስፋውና ጎኑን 10 ሴንቲ ብሳው› አለኝ። ሌላው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ለቅጽበት የሚለቅ ዕቃ) ግዛ ይለኛል። የቱን ላድርግ?»

ሳጥኑን አታስፋው፤ ጎኑንም አትብሳው። የካፓሲተሩም ገንዘብ ኪስህ ይቆይ። አሁን ያለህ ሳጥን ለዚህ ውፈር ከሚገባው ሁለት እጥፍ ይበልጣል። ጠቅ ጠቅ የሚለው በዋናነት ከዚህ የተነሣ ነው። ቤዙ ልል የሆነው ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ሳጥኑ አየር ያፈሳል፣ ግድግዳውም ይንቀጠቀጣል። ሁለቱ ችግሮች መድኃኒታቸው ስለሚለያይ ለየብቻ እንያቸው።

ብዙ ሰው ሳጥን ማለት ውፈሩ የሚቀመጥበት ዕቃ ይመስለዋል። አናጢህም እንደዚያ አስቦ ነው የሠራው። አልፈርድበትም፤ አልጋና ቁም ሳጥን የሚሠራ ሰው ልኩን የሚነግረው ከሌለ ከየት ያመጣዋል? እውነቱ ግን ሳጥኑ የድምፁ ግማሽ ነው። ኮኑ፣ ማለትም የሚርገበገበው የውፈሩ ፊት፣ ወደ ፊት ሲገፋ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቃል፤ በዚያው ቅጽበት ከጀርባው ያለው ይሳሳል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ ከተገናኙ ይጠፋፋሉ። ውፈሩን ከሳጥኑ አውጥተህ በዝቅተኛ ድምፅ ሞክረው። ኮኑ ሲንቀሳቀስ በዓይንህ ታያለህ፣ ቤዝ ግን የለም። የሳጥኑ የመጀመሪያ ሥራ የጀርባውን ድምፅ ማሰር ነው። ጠርዙ ላይ የሚያፏጭ ክፍተት ካለ ይህ ሥራ ፈርሷል ማለት ነው። የአንተ ቤዝ የላላው እዚያ ላይ ነው።

ሁለተኛው ሥራው ሞላ መሆን ነው። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ውሰድ። አፉን በጣትህ ድፈነውና ዘንጉን ግፋው። ትንሽ ይገባል፣ ከዚያ እምቢ ይላል፤ ስትለቀው ተመልሶ ይወጣል። ውስጡ ያለው አየር እንደ ሞላ እየሠራ ነው። ብዙ አየር ያለበት ትልቅ ሲሪንጅ ሲሆን ሞላው ይለሰልሳል፤ ትንሽ አየር ሲሆን ይጠነክራል። ከኮኑ ጀርባ ያለውም ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ኤድጋር ቪልቸር የሚባል አሜሪካዊ ይህን የአየር ሞላ ተጠቅሞ ኤአር-1 የተባለውን ትንሽ ስፒከር ሠራ። ትንሽ ዝግ ሳጥን ጥሩ ቤዝ እንደሚሰጥ ያኔ ታየ። በ1961 አውስትራሊያዊው ኔቪል ቲል፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሪቻርድ ስሞል ነገሩን ወደ ሒሳብ ለወጡት። መግለጫህ ላይ ያሉት ኤፍኤስ (ውፈሩ ያለ ሳጥን በራሱ የሚርገበገብበት ቁጥር)፣ ኪውቲኤስ (ያ መርገብገብ ምን ያህል እንደሚገታ) እና ቫስ (እንደ ኮኑ ማንጠልጠያ የሚለሰልስ አየር በሊትር) የእነሱ ሥራ ናቸው፤ ዛሬም «ቲል ስሞል» ነው የሚባሉት። አንተ ወረቀቱን ስላልጣልከው እድለኛ ነህ።

እንግዲህ እናስላው። ከውጭ 60 በ40 በ40 የሆነ ሳጥን፣ በየጎኑ 16 ሚሊ ሜትር እንጨት ሲቀነስለት ውስጡ 77 ሊትር ያህል ነው። ውፈሩ ራሱ ወደ 3 ሊትር ስለሚይዝ 74 ይቀራል። ለዚህ ውፈር ምን ያህል ይበቃዋል? ለዝግ ሳጥን የሚመረጠው ቁጥር 0.707 ነው። ሳጥንና ውፈር አንድ ላይ ሲሆኑ የሚኖራቸው የመቆጣጠር ልክ ነው በለው። ከዚህ በጣም ከበለጠ ቤዙ አንድ ቦታ ላይ ያብጣል፣ ዱም ዱም ብቻ ይሆናል። ከዚህ በጣም ካነሰ ደግሞ ድምፁ ቀደም ብሎ ይሳሳል። 0.707ን ለኪውቲኤሱ፣ ለ0.45 አካፍል፤ 1.57 ይመጣል። በራሱ አባዛው፤ 2.47 ይሆናል። 1 ቀንስበት፤ 1.47። አሁን ቫሱን፣ 50 ሊትሩን፣ ለ1.47 አካፍል፤ 34 ሊትር። ይኸው ነው። ለውፈሩ 3፣ ለውስጥ ድጋፍ 1 ሊትር ስትጨምር ባዶ ሳጥኑ 38 ሊትር ይሆናል።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። ከ74 ወደ 34 ሊትር ስትወርድ ድምፁ ሌላ ውፈር የተገዛ እስኪመስል አይለወጥም። በ50 ኸርዝ አካባቢ ልዩነቱን በጆሮ መለየት ያስቸግራል (ኸርዝ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል)። የሚለወጠው የኮኑ ጤና ነው። ኮኑን ወደ ቦታው የሚመልሰው ኃይል ግማሽ ያህል ይጨምራል። ጠቅ ጠቅ የምትሰማው ኮይሉ ከልኩ በላይ ወደ ኋላ ሄዶ ከብረቱ ጋር ሲጋጭ ነው። አንድ ሁለቴ ይችለዋል፣ ሁልጊዜ ግን አይችለውም። እስክትሠራው ድረስ ያንን ድምፅ በሰማህ ቁጥር ወዲያው ቀንስ።

አሁን ወደ ቀዳዳው። ቀዳዳ ያላቸው ሳጥኖች አሉ፣ ጥሩም ይሠራሉ። ግን ቀዳዳው ቀዳዳ ብቻ አይደለም። የለስላሳ ጠርሙስ አፍ ላይ እፍ ስትል አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጥሃል። ለስላሳውን ትንሽ ስትጠጣለት ድምፁ ይወርዳል። የውፈር ፖርትም፣ ማለትም ቱቦ ያለው የሳጥን ቀዳዳ፣ እንደዚሁ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለው አየር ከሳጥኑ አየር ጋር ሆኖ በአንድ ቁጥር ላይ ይዘፍናል። ያንን ቁጥር የሚወስኑት የቱቦው ስፋት፣ የቱቦው ርዝመትና የሳጥኑ ሊትር ናቸው። በአንተ ሳጥን ላይ 16 ሚሊ ሜትር እንጨት 10 ሴንቲ ብትበሳው ቁጥሩ 60 ኸርዝ ገደማ ይወጣል። ከዚያ በታች ያለው ድምፅ ሲመጣ አየሩ በቀዳዳው ገብቶ ይወጣል፣ ሞላው ይጠፋል፣ ኮኑ ያለ ልጓም ይዘላል። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር 41 ኸርዝ ነው። ማለት የምትወደው የቤዝ መስመር ግማሹ ውፈሩን በሚያጠፋው ክልል ውስጥ ወደቀ ማለት ነው።

ይህን በዓይኔ አይቼዋለሁ። አንድ ልጅ ሳጥኑን ይዞ መጣ፣ ጎኑ በመጋዝ ተበስቷል። «መጀመሪያ ቀን ቤዙ ጨምሮ ነበር» አለኝ። ልክ ነው፣ 60 ኸርዝ ላይ ይጨምራል። በሁለተኛው ሳምንት ውፈሩ ዝም አለ። ከሳጥኑ ስናወጣው የተቃጠለ ቫርኒሽ ሽታ ቤቱን ሞላው። ኮኑን በጣቴ ስገፋው ከውስጥ ይፋጫል። የኮይሉ ሽቦ ጠቁሮ፣ ሙጫው ለቆ ተጠማዝዟል። ልጁ ለዚያ ውፈር ስንት ወር እንዳጠራቀመ ስለነገረኝ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ፖርት በትክክል ልሥራ ካልክ ምን እንደሚጠይቅ ልንገርህ። 50 ሊትር የተጣራ አየር ይዘህ በ35 ኸርዝ ለማስተካከል የፖርቱ አፍ 137 ሴንቲ ሜትር ካሬ ቢሆን ርዝመቱ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያ ፖርት ብቻውን 8 ሊትር ይበላል፤ ግድግዳው ሌላ 3 ሊትር። ከውፈሩ ጋር ሳጥኑ ከውስጥ ወደ 64 ሊትር ይደርሳል። ጠበብ ያለ የ10 ሴንቲ ፕላስቲክ ቱቦ ብትጠቀም 31 ሴንቲ ይበቃሃል፤ ግን ድምፅ ስትጨምር አየሩ በቱቦው ውስጥ ፈጥኖ እፍ እፍ ይላል። በዚያ ላይ አምፑ ከ30 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጥ ሰብሶኒክ ፊልተር ሊኖረው የግድ ነው። በምላሹ የምታገኘው ከ35 እስከ 50 ኸርዝ ባለው ቦታ ላይ ጎላ ያለ ድምፅ ነው። ረዘም ያለ የኤሌክትሮኒክስ ቤዝ ለሚያዳምጥ፣ ሰፊ የኋላ ቦታ ላለው መኪና፣ ሒሳቡን ለሚያከብር ሠሪ ጥሩ ነው። ይህን አልክድም።

ለአንተ ግን ዝግ ሳጥን ነው የምመክርህ፣ ያለ ማወላወል። ዋናው ምክንያት መኪናህ ነው። ቪትዝ ትንሽ ናት፤ የኋላ ዕቃ መጫኛዋም ከተሳፋሪው ጋር አንድ ክፍል ነው። 40 ኸርዝ ድምፅ አንዱ ሞገድ ከስምንት ሜትር ተኩል በላይ ይረዝማል። መኪናህ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከ70 ኸርዝ ገደማ በታች ሞገድ መሆኑ ይቀርና ውፈሩ የመኪናውን አየር በሙሉ እንደ ፓምፕ ያምቀዋል፣ ይለቀዋል። በዚህ የተነሣ ድምፁ ወደ ታች በወረደ ቁጥር መኪናው ራሱ ያጎላዋል። በወረቀት ላይ ይህ ጭማሪ በአንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ኸርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ 12 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ነው። ዝግ ሳጥን ደግሞ ወደ ታች ሲወርድ የሚቀንሰው በዚያው ልክ፣ በኦክታቭ 12 ዴሲቤል ነው። አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላዋል። በተግባር በመስኮትና በቆርቆሮ በኩል ስለሚባክን ያን ያህል አይሞላም፤ ቢሆንም ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል። ሳሎን ውስጥ ቀጭን የሚመስል ዝግ ሳጥን ቪትዝ ውስጥ ሲገባ ይወፍራል። የኋላ ሻንጣ ቦታው በብረትና በወንበር የተዘጋ ኮሮላ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር፤ ያኔ ወንበሩን ማጠፍ ወይም ሌላ መላ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙዚቃው ነው። የጉራጊኛን ምት አስበው። ከበሮው ፈጣን ነው፣ ከአንዱ ምት ወደ ሌላው ትንፋሽ የለም። ዝግ ሳጥን ይመታል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ይመታል። ቁጥሩ ከፍ ብሎ የተስተካከለ ፖርት ግን ምቱን ያስረዝመዋል፤ አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርብበታል። ጆሮህ የሚያገኘው ከበሮ ሳይሆን ጉምጉምታ ነው። ሦስተኛው ነገር ደግሞ ይቅርታ ማድረጉ ነው። ዝግ ሳጥን በሁለት ሦስት ሊትር ብትሳሳት ምንም አይልህም። ፖርት ያለው ግን አይምርህም። መግለጫ ሳይኖረው በሚሸጥ ውፈር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀት ለሌለው 12 ኢንች ውፈር ከ30 እስከ 40 ሊትር ዝግ ሳጥን ሥራ ብዬ ሁሌም እመክራለሁ።

ቺፕውዱን ተወው። የእንጨት ፍርፋሪ በሙጫ ተጣብቆ ነው፤ ቪቴ ሲገባበት ጠርዙ ይፈራርሳል፣ ሲንቀጠቀጥ ቪቴው ይላላል፣ ውሃ ሲነካው ያብጣል። 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ የእንጨት ጭረት የተጨመቀ ጣውላ) ግዛ። ጥራት ያለው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶም ይሆናል፣ ክብደቱም ይቀላል፤ ግን ንብርብሮቹ መካከል ባዶ ቦታ እንደሌለ ጠርዙን እያየህ ምረጥ። ኤምዲኤፍ ከሆነ በእጅ መጋዝ አትታገል። ማሽን ያለው የእንጨት ቤት ልኩን ሰጥተኸው በቀጥታ ያስቆርጥልህ። የቆራጩ አቧራ ክፉ ነው፤ ሙጫው ፎርማልዲሃይድ አለበት። እቤት የምትቆርጠው ወይም የምታሸው ካለ ውጭ ሆነህ፣ ማስክ አድርገህ ሥራው።

ልኩ ይኸውልህ። ለፊትና ለጀርባ 46 በ36 ሴንቲ ሜትር ሁለት። ለላይና ለታች 46 በ27.7 ሁለት። ለጎንና ጎን 32.4 በ27.7 ሁለት። ሲገጣጠም ከውጭ 46 በ36 በ31.3 ይሆናል፤ ውስጡ 38 ሊትር። ከማስቆረጥህ በፊት መኪናህ ውስጥ በካርቶን ሞዴሉን ሠርተህ አስገባ። የወንበሩ መደገፊያ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ከታች የገባ ሁሉ ከላይ አይገባም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የውጭውን ልክ እንደ ውስጥ ይቆጥረዋል። ከውጭ ስትለካው ይህ ሳጥን 52 ሊትር ይመስላል። 14ቱን የበላው እንጨቱ ነው።

የውፈሩን ቀዳዳ በግምት አትቁረጥ። 12 ኢንች የሚባለው የፊቱ ስም ነው፤ የሚቆረጠው ብዙውን ጊዜ ወደ 28 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ትክክለኛው መግለጫው ላይ አለ። ሚስማርና ሲባጎ ካለህ ክቡ ይወጣልሃል። ሁሉንም ጠርዝ ሳትሰስት ኮላ ቀባ። ቪቴዎቹን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ እያራራቅክ አስገባ፤ ግን መጀመሪያ በትራፓኖ ቀጭን ቀዳዳ አብጅላቸው። ኤምዲኤፍ ቀዳዳ ሳይበጅለት ጠርዙ ላይ ቪቴ ሲገባበት እንደ መጽሐፍ ይከፈታል። ቪቴው የሚይዘው ኮላው እስኪደርቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ሳጥኑን የሚይዘው ኮላው ነው። አንድ ሌሊት ተወው። ውስጥ ለውስጥ ከላይ እስከ ታች ሁለት 4 በ4 ሴንቲ ሜትር ድጋፍ እንጨት አቁም፤ ከማግኔቱ ራቅ ይበሉ። ከዚያ የውስጥ መገጣጠሚያዎቹን በሙሉ በሲልከን ድፈን። የሲልከኑ ሽታ ሳይጠፋ ውፈሩን አትግጠም፤ ትነቱ የውፈሩን ጎማና ሙጫ ሊጎዳ ይችላል። አንድ ሁለት ቀን ታገስ።

የትራስ ፋይበር ግማሽ ኪሎ ያህል ዘርዝረህ ውስጡ ጨምርበት። አየሩ ትንሽ የሰፋ ያህል ይሆንለታል፣ የሳጥኑ የውስጥ ጩኸትም ይቀንሳል። ጥጥ አይሆንም፤ ቆይቶ ይታመቅና ታች ይከመራል። ውፈሩ በሚያርፍበት ዙሪያ ቀጭን ስፖንጅ አንጥፍ። ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳም መድፈን እንዳትረሳ።

ከዚያ ፈተናው። ኮኑን በሁለት እጅህ ጣቶች፣ ከመሐሉ ዙሪያ፣ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ግፋና ያዘው፤ ከዚያ ልቀቀው። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ ይዟል። እንደተለቀቀ ቱር ካለ የሆነ ቦታ ያፈሳል። የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት ሰንደል አብራ። በስልክህ 30 ኸርዝ ድምፅ በዝቅተኛው አጫውትና ሰንደሉን በየመገጣጠሚያው አጠገብ ቀስ እያልክ አዙረው። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ሲርገበገብ ታየዋለህ። እዚያ ጋ ሲልከን ጨምር። ይህን ያስተማረኝ የለም፤ እናቴ ቤት ሰንደል ሲጨስ ጭሱ በበር ስንጥቅ በኩል ሲጎተት አይቼ ነው።

ሳጥኑን ከውጭ ቫርኒሽ ወይም ቀለም ቀብተህ ምንጣፍ አልብሰው። ላቫጆ ሲወስዱት የኋላው ወለል ይርሳል፤ ያልተቀባ ኤምዲኤፍ ከታች ውሃ ጠጥቶ ያብጣል። መታሰሩ ደግሞ የውበት ጉዳይ አይደለም። ሳጥኑ ብቻውን 11 ኪሎ ገደማ ነው፤ ከውፈሩ ጋር ከ15 ኪሎ ያልፋል። መኪናው ሲጋጭ እሱ አይቆምም፣ ወንበሩን ገፍቶ ወደ ሰው ነው የሚመጣው። በብረት አንግል ወይም በጠንካራ ቀበቶ እሰረው። ወለሉን ከመብሳትህ በፊት ግን ከሥሩ ተኝተህ እይ። የነዳጅ ታንከሩ ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር ሥር ነው፤ የፍሬን ቱቦም በዚያ ያልፋል።

ስለ ካፓሲተሩ። 1 ፋራድ የሚባለው ካፓሲተር ከ13.8 ወደ 12.8 ቮልት ሲወርድ የሚሰጥህ 13 ጁል ያህል ነው። የአንተ አምፕ ውፈሩ የሚችለውን 350 ዋት ሲያወጣ ከባትሪው ከ430 ዋት በላይ ይስባል። 13 ጁሉ ለሰከንድ ሦስት መቶኛ ይበቃል። ዓይንህን እንኳ አትጨፍንበትም። ገንዘቡን ሽቦ ግዛበት። 350 ዋት ማለት ከባትሪ 32 አምፒር ገደማ ነው፤ ለዚህ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ንጹሕ የመዳብ ሽቦ በቂ ነው። ሽቦውን ስትገዛ ጫፉን ቢላ ፋቅ አድርግበት። ከውስጥ ነጭ ብር የመሰለ ከወጣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ መዳብ ከሚያስተላልፈው ሁለት ሦስተኛውን ያህል እንኳ አያስተላልፍም። ያንን ከወሰድክ 25 ሚሊ ሜትር ካሬ አድርገው። ፊውዙ ከባትሪው ከ45 ሴንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። ፊውዝ የሚጠብቀው አምፑን ሳይሆን ሽቦውን ነው፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ሽቦ ተልጦ ቆርቆሮ ቢነካ የሚያቆመው ነገር የለም፣ መኪናው ይቃጠላል። አምፑ አጠገብ ፊውዝ የሚያደርጉ ሠራተኞች አሉ፤ እሺ አትበል። ኔጌቲቩን ቀለሙ ተፍቆ በታየ ባዶ ብረት ላይ በብሎን እሰር። አምፑን ሳጥኑ ላይ አትቸንክር፤ መንቀጥቀጡ ውስጡን ይፈታዋል።

መኪናህ ኤሌክትሪክ ቢሆን ኖሮ፣ አሁን ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ስለሆነ፣ መልሱ ትንሽ ይለያል። እነዚያ ዲናሞ የላቸውም። 12 ቮልቱን የሚሞላው ከትልቁ ባትሪ የሚቀይር መሣሪያ ነው፤ የሚችለው ልክ በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ብርቱካናማ ሽቦ ግን በምንም ምክንያት አትንካ። ሰው ይገድላል።

አሁን አምፑን ስናስተካክል። ጌይን የሚባለው ቁልፍ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፤ ከቴፑ የሚመጣውን ከአምፑ ጋር ማመጣጠኛ ነው። 500 ዋት አምፕ ለ350 ዋት ውፈር መሆኑ በራሱ ችግር የለውም፤ ችግር የሚሆነው ጌይኑ እስከ መጨረሻው ሲዞር ነው። 1400 የሚለውን ቁጥር እርሳው፤ ለቅጽበት የሚቻል ጫፍ ነው፣ የሚሠራበት 350ው ነው። ውፈሩን ከአምፑ ንቀል። የቴፑን ቤዝና ትሬብል ዜሮ አድርገህ ድምፁን ሦስት አራተኛ ላይ አድርሰው። 50 ኸርዝ ድምፅ አጫውት። ቴስተርህን በኤሲ ቮልት አድርገህ የአምፑን የውፈር መውጫ ለካ፤ ጌይኑን ቀስ እያልክ አዙረህ 34 ቮልት ላይ ስትደርስ አቁም። በ4 ኦም ላይ ይህ ወደ 300 ዋት ይሆናል፤ ለውፈሩ ትንፋሽ ትተህለታል። የቤዝ ቡስት ቁልፉን ዜሮ ላይ ተወው፤ ከልኩ በላይ ያለውን ድምፅ የሚቆርጠውን ሎው ፓስ 80 ኸርዝ ላይ አድርገው።

ፖላሪቲውን (ፖዘቲቭና ኔጌቲቩ አለመገላበጣቸውን) በአንድ የሰዓት ወይም የሪሞት ባትሪ ፈትን። ፖዘቲቩን ከፖዘቲቩ ስታነካው ኮኑ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ከዚያ የሳጥኑን ፊት አንዴ ወደ ኋላ በር፣ አንዴ ወደ ወንበር አዙረህ በሾፌሩ ቦታ ተቀምጠህ ስማው። በአብዛኛው ቪትዝን በመሰሉ መኪኖች ወደ ኋላ ሲዞር ይሻላል፤ ጆሮህ የመረጠውን ግን አትከራከረው። የኋላው በር ላይ የሚያርገፈግፍ ነገር ከሰማህ ብዙውን ጊዜ ታርጋው ነው። ከኋላው ቀጭን ስፖንጅ አድርገህ ብሎኑን አጥብቀው።